የቆመችው ድንጋይ

አያ ካሤ ድንጋዩን በመሮ ከመንካታቸው በፊት ውሃ ያፈሱበታል። አንድ ጣሳ፣ አይበልጥም። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ይጠብቃሉ። ደህናው ፊት ቶሎ ይደርቃል፤ ንብብሩ፣ ድንጋዩ በተፈጥሮው የተደራረበበት መስመር ያለበት ግን እንደ ክር የቀጠነ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ያንን ክር በከሰል ይከተሉታል። ቀጥሎ በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛ ድንጋይ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ግን እንደ ዱባ "ድፍ" ይላል። ከጮኸ ጠርዙን ጠርበው፣ በስኳድራ ለክተው፣ የከሰሉ መስመር አግድም እንዲሆን አድርገው ግንቡ ላይ ያስተኙታል።

"ድንጋይ ተራራው ላይ እንደተኛ ነው ግንብ ላይም የሚተኛው" ይላሉ። "ካቆምኸው ውሃ በንብብሩ ይገባና እንደ መጽሐፍ ይገልጠዋል።"

ይኼኔ ባለቤታቸው ሸጌ ከበራፍ ሆነው ይስቃሉ። "እንግዲህ ጀመረ! ያቺን የአዲስ አበባ ውሽማውን ሊያነሳ ነው።"

ውሽማዪቱ ድንጋይ ናት።

አያ ካሤ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከትውልድ ቀያቸው ከደሃና እስከ ሰቆጣ በእግር፣ ከሰቆጣ አዲስ አበባ በጭነት መኪና ገቡ። ያን ጊዜ ከከተማዋ አንዱ ወገን እንደ አዲስ ይነደፍ ነበር። መሐንዲሶቹ ካስማ ቸክለው፣ ሲባጎ ወጥረው፣ መንገዶቹ የሚገናኙበትን አደባባይ መሬቱ ላይ አስምረዋል፤ መሐሉ ላይ ሐውልት ሊቆም ነው። ጠራቢ ሲፈለግ ካሤ ተቀጠሩ። እጃቸው ጎበዝ ነበር። አማርኛቸው ግን የገበያ ነው፤ ያደጉት በአገራቸው ቋንቋ በኽምጠኛ ነዋ።

የሐውልቱን መቆሚያ ሁለተኛ ረድፍ ሲደረድሩ ካቦው ሲባጎው መንሸራተቱን አየና ከላይ ጮኸ፦

"ካሤ፣ አቁመው!"

ሥራውን ማለቱ ነበር። ካሤ በእጃቸው የያዙትን ድንጋይ አዩ። አቁመው ከተባለ፣ አቆሙት።

ካቦው እስኪወርድ ድንጋዩ ሲሚንቶ ውስጥ ቀጥ ብሏል። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ካቦውም ሲባጎውን እያቃና ሳቀ፦ "ይሁን፣ ተወው! ሐውልት ራሱ የቆመ ነገር አይደል!" በላይዋ ሌላ ረድፍ መጣባት።

ያልሳቁት ካሤ ብቻ ናቸው። "ላውጣት ልለው ፈለግሁ፤ ውሃ ይገባባታል ልለው። ቃሉ አልመጣልኝም" ይላሉ ዛሬም። "ቃሉ ሲመጣልኝ ሐውልቱ አልቋል።"

ሥራው አልቆ አገራቸው ከገቡ ይኸው አርባ አንድ ዓመት። ክረምት በገባ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንጫጫ ቀና ይሉና "አዲስ አበባም ዘንቦ ይሆን?" ይላሉ።

"ሰው ሲዘንብለት ስለ ዘሩ ያስባል!" ይሏቸዋል ሸጌ።

ይህን ይበሉ እንጂ፣ ልጃቸው ፀደይ አረብ አገር ለሥራ ልትሻገር አዲስ አበባ ስትሄድ ስንቋን እየቋጠሩ "መጀመሪያ የአባትሽን ድንጋይ እይለት" ያሏት እሳቸው ናቸው።

ፀደይም በሳምንቷ ደወለች። "አባዬ፣ አገኘኋት! እርስዎ እንዳሉት ብቻዋን ቆማለች።"

"ተሰንጥቃለች?"

"እኔ ምን አውቄ! ታምራለች።"

"በቁልፍ ምቻትና ስልኩን አስጠጊልኝ።"

መታች። አያ ካሤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የመጣላቸው የሚኒባስ ጥሩምባ ነው። "ድገሚው" አሏት። ሁለተኛው ላይ የጥበቃው ድምፅ ተሰማ፦ "አንቺ! ሐውልት ይደበደባል እንዴ?" ስልኩ ተዘጋ። ፀደይ ሌላ ቀን እሞክራለሁ እንዳለች የአረብ አገር ጉዞዋ ደረሰና ተሻገረች።

ሸጌ ስልኩ የተዘጋ ዕለት ማታ "ታምራለች ብላለች እኮ" ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። አያ ካሤ ግን አንድ መሮ አውጥተው ሲስሉ አመሹ። ያ መሮ እስከ ዛሬ ሌላ ድንጋይ አልነካም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ታሪካቸውን ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው "እንግዲያማ አንባቢህን አንድ ነገር ለምንልኝ" አሉኝ። እንደተናገሩት እነሆ፦

"አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆቼ፣ የአደባባዩ ስም ተለዋውጧል ይሉኛል፤ እናንተ በድንጋይዋ እወቁት። በምሥራቁ ፊት፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ጓደኞቿ ሁሉ ተኝተው አንዲት የቆመች አለች። እሑድ ማለዳ፣ መኪናው ሳይበዛ፣ ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ በቁልፍ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ምቱልኝ። ከዚያ ወደ ሰቆጣ ለሚመጣ ሰው ለጠራቢው ካሤ ብላችሁ ቃል ላኩልኝ። ከጮኸች ጮኻለች በሉኝ። ድፍ ካለችም አትደብቁኝ፤ መጥቼ አስተኛታለሁ።"