የቦዲል አረንጓዴ ቁልፍ

ቦዲል ክራግ ቁልፍ ሠሪ ናት። የበር አይደለም፣ የሸሚዝም አይደለም፤ ሱቆች ለደንበኞቻቸው በሚልኩት የማስታወቂያ ኢሜይል መሐል ጉብ ብሎ «አሁኑኑ ግዛ»፣ «ቦታ ያዝ»፣ «እኔም አለሁበት» እያለ ጣታችንን የሚጠራውን ባለ ቀለም ቁልፍ ማለቴ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ስቬንቦርግ ወደብ ላይ፣ ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ ቀይ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጀልባዎቹ በሚታዩበት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት ይህንኑ ትናገራለች፤ ሰዎች ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ከዚያ ማስረዳት ትጀምራለች። ያኔ የጠየቃት ሰው ጉዱ ፈላ፤ የያዘው ቡና ሳይቀዘቅዝ አትለቀውም።

በቁልፍ ነገር ቀልድ አታውቅማ! ሌላው ሰው አሳምሮ የሣለውን የቁልፍ ሥዕል ኢሜይሉ ላይ ለጥፎ ይልካል። የስንቱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ግን ካልተፈቀደለት ሥዕል አያሳይም፤ ተቀባዩ ባዶ ነጭ ቦታ አይቶ ያልፋል። የቦዲል ቁልፍ ሥዕል የለበትም። አንዲት ሣጥን ብቻ ያላት ሰንጠረዥ ትሠራለች፣ ሣጥኗን ቀለም ትሞላታለች፣ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ትጽፋለች፣ ሊንኩን ደግሞ እስከ ጠርዙ ድረስ ትዘረጋዋለች። ፊደሉን ብትነኩት ይሠራል፤ ጥጉን ብትነኩት ይሠራል፤ ጡረታ መውጣት የነበረበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሠራል። መጠኑንም ከሁሉም ሰው ከፍ አድርጋ ነው የምትሠራው። «የወፍራም አውራ ጣት ባለቤትም ሰው ነው» ትላለች፤ ይህን ስትል ደግሞ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል።

የአውራ ጣቱ ባለቤት ቶርኪል ይባላል። ወደ ትንንሾቹ ደሴቶች የምትመላለሰው የማዘጋጃ ቤቱ ጀልባ መካኒክ ነው። ከጥቂት ክረምቶች በፊት ቦዲል የላከችውን የቡትስ ጫማ ማስታወቂያ አትሞ፣ ወረቀቱን ይዞ፣ ደረጃውን ወጥቶ ከፊቷ ቆመ።

«ይህን የላካችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ።»

«እንግዲያው ቡትሱን እፈልገዋለሁ።»

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በየዓመቱ ስለ ኢሜይል አጭበርባሪዎች ሥልጠና ይወስዳሉ። ሌላው ያንቀላፋበታል፤ ቶርኪል ግን ቃል በቃል ይዞታል። ቦዲል በበኩሏ ያየችው ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር። ቁልፏ እዚያ ላይ ተቀምጧል፣ ቀለሙ ሳይፈስ፣ ጥጉ ሳይጎድል። «ኧረ! ወረቀት ላይ እንኳ አልተበላሸም!» ብላ ጮኸች። ቶርኪል በወረቀት እንዲህ የምትደሰት ሴት አይቶ ስለማያውቅ ቡትሱን ከገዛ በኋላም ምክንያት እየፈለገ መምጣቱን አልተወም። ልቧ የሄደው ያኔ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በኢሜይል ቁልፍ ምክንያት ፍቅር የያዛት ሴት እሷ ብቻ ናት።

ሁለቱም ከሃምሳ አልፈዋል፤ ቤታቸው ለየብቻ ነው። ቦዲል ግን ልታገባው ትፈልጋለች፣ ያውም በጣም። ችግሩ ፊት ለፊት መጠየቅ አለመቻሏ ነው። ቁምነገር ልታወራ አፏን ስትከፍት ሳቅ ይይዛታል፤ የሚያባራ ሳቅ ቢሆን እኮ ባልከፋ! አንዴ በጀልባዋ ላይ ሞክራ፣ «ቶርኪል፣ እኔና አንተ...» ብላ ጀመረችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እሱም ምን እንዳሳቃት ሳይገባው አብሯት ሳቀ። በዚያ ላይ ገና ለገና እምቢ ይለኛል ብላ ትፈራለች። ባለፈው ገና ጎረቤቶቹ ሲጋቡ፣ «በዚህ ዕድሜ ምን አስቸኮላቸው?» ማለቱን ሰምታለች።

ከዚያ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትለው ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ መጣች። በዚያች ቀን ሴት ወንድን ለትዳር ብትጠይቅ ማንም ነውር አይለውም፤ እምቢ ያለ ወንድ ግን አሥራ ሁለት ጥንድ ጓንት ይገዛላታል። ልማድ ነው፤ ዴንማርክ ውስጥ በዚያች ቀን ጓንት ሻጩ ሁሉ በተስፋ ነው የሚውለው። ቦዲል ዛሬ ካልጠየቅኩ ሌላ አራት ዓመት መሳቄ ነው ብላ፣ በማለዳ ቢሮ ገብታ፣ በምታውቀው መንገድ ጠየቀችው። ኢሜይል ጻፈች። «ቶርኪል፣ ታገባኛለህ? ቦዲል» የሚል ነው፤ ከሥሩም ሁለት ቁልፍ። አረንጓዴው «አዎ» ይላል፤ ግራጫው «አይ፣ ጓንቱን እገዛለሁ»።

አጠገቧ የሚቀመጠው ሲልቬስት የማስታወቂያ ሥዕሎች ሠሪ ነው፤ ጺሙ ደረቱ ላይ ይደርሳል፤ ዘወትር ከቁልፎቿ ጋር ጠብ አለው። በትከሻዋ በኩል አይቶ ፈገግ አለ።

«ይሄ ምን ድርቅ ያለ ነገር ነው? ለትዳር እኮ ነው! አረንጓዴው ላይ የሚስቅ ዓሣ ልሣልልሽ።»

«ሥዕልህን አርቅልኝ! ማዘጋጃ ቤት ዓሣህን ቢሸሽገው ማን ያገባኛል? አንተ?»

«ሚስቴ አትፈቅድልኝም።»

ቶርኪል የሚከፍተው የሥራ ኢሜይሉን ብቻ ስለሆነ በዚያ ላከችው። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። የማን ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደነካ የሚያሳየው ገጽ ላይ መልሱ ቁጭ ብሏል፦ «አዎ»!

ከዚያ የሆነውን ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ቦዲል ወንበሯ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ሲልቬስትን ጺሙ ላይ ሳመችው፣ ትልቅ ሽያጭ ሲገኝ የሚመታውን የነሐስ ደወል አንጫረረችው። «ላገባ ነው! ላገባ ነው!» እያለች ከዳር እስከ ዳር ሮጠች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሲልቬስት ብቻ ገጹን አጎንብሶ ሲያይ ቆየ።

«ቦዲል፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም!»

«አይም ብሎሻል።»

«ምን?»

«አዎም ብሏል፣ አይም ብሏል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ።»

ቦዲል ክው አለች። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል ሲገባ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ አላቸው፤ ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤው ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት ተንኮል እንዳለበት ለማወቅ ሊንኮቹን ሁሉ ራሱ እየከፈተ ይፈትሻል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «በመጀመሪያዋ ሰከንድ የመጣን መልስ አትመኑ፣ ዘበኛው ነው» እያለች የምታስተምረው ደግሞ ማን ሆነና? ራሷ ቦዲል! አሁን ለማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ደወል ደውላ፣ ሰው ስማ፣ ሠርግ አውጃ ቁጭ ብላለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዘበኛው ጥሩ ደሞዝ አለው» አለ ሲልቬስት። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ሳቀች፣ ምን ታድርግ። በዚያ ቢሮ ሕግ ደግሞ ስህተት የሠራ ሰው ለሁሉም ኬክ ይገዛል። ዳቦ ቤት ወርዳ፣ ስኳርና ቅቤው ከላይ እየተንቆረቆረ እጅ የሚያጣብቀውን ብሩንስቪገር በትልቁ አስጠቅልላ ተመለሰች። «ማንም እንዳይነካው፣ ከሰዓት በኋላ እንቆርሰዋለን» ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጀልባዋ ገባች። ቦዲል አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጠፈች። ቶርኪል ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቡትሱን እየጎተተ ኮምፒውተሩ ያለበት የወደቡ ቢሮ ገባ። እዚያ ጥቁር ዳቦውን እየበላ ኢሜይሉን ያነባል፤ ሰማይ ቢደፋ እንኳ ይህን ልማድ አይተውም።

«ገባ!» አለች።

«ገጹን እኔ አያለሁ፣ አንቺ እሱን እዪ» አለ ሲልቬስት፤ እሱም ጉጉቱ ይዞታል።

ገጹ ላይ ምንም የለም። ቆየ፣ አሁንም ምንም። በመጨረሻ ቶርኪል ብቅ አለ፤ ወደ ሕንጻው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ወረደ። ጀልባዋ ጥሩንባዋን ነፍታ ወደ ደሴቶቹ ሄደች።

«ቁልፉ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ሲልቬስት በለሆሳስ። እንዲህ ማለቱ ሊያጽናናት ነው።

ቦዲል ያንኑ ኢሜይል ለራሷ ላከች። በስልክ ነካችው፤ ሠራ። በአሮጌው ኮምፒውተር ነካችው፤ ሠራ። ጥጉን ነካችው፤ ሠራ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፏ በተበላሸ ብላ ለመነች፤ ቁልፉ ግን እንከን አልነበረውም። እንከን ከሌለው ደግሞ ሰውየው አንብቦ፣ አስቦ፣ ትቶታል ማለት ነው። ያንን ቀን ሙሉ ሲፈላ የዋለው ሳቋ ጠፋ። አለቀሰች፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለቀሰች።

«ደውይለት» አላት ሲልቬስት።

«ደውዬ ምን ልበል? ዘበኛህ እሺ ብሎኛል፣ አንተስ ልበል?»

አመሻሹ ላይ፣ ኬኩ ሊቆረስ ሲል፣ ደረጃው ላይ የቡትስ ኮቴ ተሰማ። ቦዲል ቀና አለች። ቶርኪል በሩ ላይ ቆሟል። በግራ እጁ አንድ ጥንድ ጓንት ይዟል።

«በቃ፣ የመጀመሪያው ጥንድ ገባ» አለች ለሲልቬስት፣ ወንበሩን ይዛ።

ቶርኪል ኬኩን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ እሷን አየ። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ዘይት የጠገበ የገዛ የሥራ ጓንቱ ነበር። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ይህን የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ... ነኝ።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ!»

«ሥልጠናው ላይ፣ የምታውቁት ሰው ቢሆንም ያልተለመደ ነገር ከጠየቃችሁ ሊንኩን አትንኩ፣ በአካል አግኝታችሁ አረጋግጡ ብለውናል። ይሄ ደግሞ ያልተለመደ ነው። ምሳ ላይ ልመጣ ነበር፣ ጀልባዋ የምትነሳበት ሰዓት ደረሰ። ስለዚህ አተምኩትና እዚያው ሞተሩ ጋ ሆኜ ቁልፉን ተጫንኩት።»

ወረቀቱን ዘረጋው። አረንጓዴው ቁልፍ ቀለሙ ሳይፈስ፣ ጥጉ ሳይጎድል ወጥቷል። መሐሉ ላይ በጥቁር የሞተር ዘይት አንድ ትልቅ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል፤ ከቁልፉ ጠርዝ ቅንጣት አልወጣም።

ቦዲል አየችው። አውራ ጣቱን አየች። ያ ሳቅ ከሆዷ ተነሣና አፍኖ ያዛት፣ እንባዋ ወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ቶርኪል ግራ ገብቶት ወደ ሲልቬስት ዞረ።

«ምን ሆና ነው? አልሠራም እንዴ?»

«ሠርቷል» አለ ሲልቬስት፣ ጺሙን በእጅጌው እየጠረገ። «ደወሉ እዚያ ጋ ነው። አሁን አንተ ደውለው።»