ሙቢና የተወችው ጥላ

ሙቢና ስልኳ ሲጠራ ከሰላምታ በፊት የምትለው «ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» ነው። እኔ ከዲሮ እባላለሁ፤ አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ፤ ቤቴ ከእሷ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ይህን ጥያቄ ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። ሥራዋ የአዲስ አበባ ድራማ ሠሪዎችና ማስታወቂያ ቤቶች በኢንተርኔት የሚልኩላትን ቪዲዮ ማበጀት ነው። ያልዘነበ ዝናብ ታዘንባለች፣ ለወተት ማስታወቂያ ላም ታናግራለች፣ የድሮ ዘመን ታሪክ ውስጥ የገባ የመብራት እንጨት ታጠፋለች። ያላለቀ ሥራ ስትልክ እንዳይሰርቋት ስሟን መሃሉ ላይ በትልቁ ትጽፋለች። እኔ ስገባ እንኳ ስክሪኑን በሻርፗ ትሸፍናለች። ጎማ ለጣፊ ላሜን ይነዳብኛል ብላ ነው መሰለኝ።

የማትጠረጥረው እናቷን እትዬ ፋይዛን ብቻ ነው። ለእሳቸው ያለውን አንድ የሟች አባቷን ቪዲዮ አጽድታ፣ ከአባቷ ጀርባ የቆመውን የመብራት እንጨት አጥፍታ ሰጥታቸዋለች። እትዬ ፋይዛ አርብ አርብ ይከፍቱታል።

ባለፈው በጋ ቱሳ የሚባል ሰው ከጢቾ ወደ ሙቢና መጣ። እኔም የጢቾ ልጅ ነኝና ገና ከበሩ አወቅሁት። አባቱ ሳይሞቱ ልጆቻቸውን አንበርክከው መርቀው የገብስ መሬታቸውን አካፍለዋል። እዚያ የነበሩት ግን ልጆቹ ብቻ ናቸው። ከሌላ እናት የምትወለደው ሀጂራ «ከወንድሞቼ ጋር ተንበርክኬ ተመርቄያለሁ፣ ድንጋይ ላይ በቆመ ስልክም ተቀርጿል» ትላለች። ቱሳና ወንድሞቹ «አልነበረችም» ብለው ድርሻዋን ከልክለዋታል። ሽማግሌዎቹ ቪዲዮው ይምጣ ብለዋል።

ቱሳ ስልኩን ይዞ ከሙቢና አጠገብ ተቀመጠ። ግድግዳችን ስስ ነው።

«ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው» አላት። «ዳር ያለችው ጎረቤት ናት፣ አጥፊያት። ድምፁ ነፋስ ስለሆነ መንዙማ አስገቢበት።»

«ጎረቤት ከልጆች ጋር ምን ያንበረክካታል?»

«አንቺ አጥፊ ተባልሽ እንጂ መርምሪ አልተባልሽም።»

ደግነቱ መብራት ጠፋ። ሙቢና ጄኔሬተሬን ለመዋስ ስትወጣ ጆሮዋ ሥር ሆኜ የሀጂራን ነገር ነገርኳት። አተኩራ አየችኝ።

«አንተስ የማን ወገን ነህ?»

ጄኔሬተሩን ጎትታ ገባች። ቱሳ ሥራው እስኪያልቅ ከጎኗ አልተነሳም፤ ኮምፒውተሯ ላይ የቀረውንም ቅጂ በዓይኑ ፊት አስጠፍቶ፣ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ እየሳቀ ወጣ። እኔም ሸጠቻት ብዬ ደሜ ፈላ። ጥርጣሬ ከእሷ ተጋብቶብኝ ኖሮ ሰላምታዋን እንኳ መመለስ አቃተኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ለት ጢቾ ወረድኩ። አንደኛው አጎቴ ሐጂ ሰኢድ ናቸው። ቱሳ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። አባትየው ዝግባው ሥር ተቀምጠዋል፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ተንበርክከዋል፣ የሀጂራ ቦታ ላይ ሣር ብቻ አለ። ሀጂራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ቱሳ ፍላሹን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ አጎቴ በከዘራቸው አገዱት። ጠጋ ብለው ሣሩን አዩ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ስለነበር የልጆቹ ጥላ ረዝሞ አባትየው እግር ሥር ወድቋል።

«ጋዲዱን ኩን ካን ኤኙቲ?» አሉ። ይህ ጥላ የማን ነው ማለታቸው ነው።

ቆጠርን። ሦስት ልጆች፣ አራት ጥላ። አራተኛው ሻሽ ያሰረ የሴት ጥላ ነበር። ቱሳ ላብ አጠመቀው፤ ታናሽ ወንድሙ ግን መሬት መሬት እያየ «ነበረች» አለ። ሀጂራ ድርሻዋን አገኘች።

አሰላ ተመልሼ ሙቢናን ይቅርታ ጠየቅኋት።

«እምቢ ብዬው ቢሆን ሌላ ሰው ጋ ወስዶ ጥላዋንም ያስጠፋው ነበር» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ዋሽተኸኝ ቢሆን፣ ጥላ ማንን ይጎዳል? ሰው ፊት ፊት ነው የሚያየው። ቱሳ አንዴም መሬቱን አላየም።»

ወሬው ከጢቾ አልፎ ሮቤና ጮሌ ደረሰ። የሚያመሰግናት መስሎኝ ነበር፤ አገሩ የያዘው ግን ሰው ታጠፋለች የሚለውን ነው። ሙሽሮች የሠርግ ቪዲዮ ማምጣት ተዉ። ሙቢና «የአዲስ አበባ ሥራ ይበቃኛል» ብላ ሳቀች።

አርብ ዕለት ያዋስኳቸውን የጎማ መንፊያ ላስመልስ እነሱ ቤት ገባሁ። እትዬ ፋይዛ የባላቸውን ቪዲዮ ከፍተዋል።

«ሙቢና» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ከአባትሽ ኋላ ያጠፋሽው ማን ነበር?»

«እንጨት ነው እማ። የመብራት እንጨት። ነግሬሽ የለ?»

«ነግረሽኛል» አሉ።

ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ሥር በርከክ አሉና፣ የባላቸውን ፊት ትተው መሬቱን ማየት ጀመሩ።