የዳልቫኒራ ጥርሳም ዓሣ

ዳልቫኒራ ቂመኛ ናት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን ቂሟን እንደያዘች ከፊት ወንበር ትቀመጥና ከሁላችንም ቀድማ አሜን ትላለች።

የተቀየመችው የክርስትና አባቷን፣ መስትሬ፣ ማለትም የሙያ መምህር፣ የሚባለውን ክሎዶሚሩን ነው። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሥዕል በእንጨት ላይ ቀርጾ በወረቀት የማተም ሙያን ያስተማራት እሱ ነው፣ አልክድም። ስም ካወጣ ወዲህ ግን ቢላዋ ነክቶ አያውቅም። እሷ ትቀርጻለች፤ ስሙ ይገባበታል። አምና አንደኛ የወጣው ነብርም የእሷ እጅ ነበር። ስሜ ይግባልኝ ብላ ብትለምነው እንግዶች ፊት፦ «ልጄ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አላት። እንግዶቹም ሳቁ።

ዘንድሮ በሰኔው በዓል ለአገራችን ለካሪሪ ቀራጮች ውድድር የተሰጠው ርዕስ፣ ከድንጋይ ካባችን የሚወጣው ጥርሳም ዓሣ ነበር፤ ምድራችን ውሃ ሳለች ያገኘውን ሁሉ ሲውጥ የኖረ፣ ዛሬ ድንጋይ ሲሰነጠቅ አጥንቱ ብቻ የሚገኝ አውሬ። በደንቡ መሠረት እንጨቱ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት የሚታተመው ሕዝብ ፊት ነው፤ ቀድሞ መሞከር ክልክል ነው። መስትሬው እንደ ልማዱ አዘዛት። ወዲያው እሺ አለች። እሺታዋ ሊያስፈራው ይገባ ነበር።

ሥራውን ስታስረክበው መንጋጋውን አደነቀ፤ ሆዱ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዋጠው ነዋ፣ አባዬ። ድንጋዮቹ ላይም እኮ በዓሦቹ ሆድ ያልተፈጨ ይገኛል።»

ቢላዋ ከጣለ የቆየ ሰው ያልተቀባ እንጨት ማንበብ ይረሳል። ስሙ በቦታው መኖሩን ብቻ አይቶ ተቀበላት።

አደባባይ ላይ እንጨቱን ቀባ፣ ወረቀቱን አለበሰው፣ በማንኪያ ጀርባ አሸው፤ ከዚያም እሱ ራሱ ሳያየው ወደ ሕዝቡ ዘረጋው። ከዓሣው ሆድ ውስጥ ባርኔጣ የደፋ፣ ፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ጢሙ በአንድ ወገን የተጠመዘዘ ሰውዬ ዓይኑን አፍጥጦ ያየናል። መጀመሪያ ሥጋ ሻጯ ሳቀች፤ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ደስ ይበለኝ።

ወረቀቱን ገልብጦ ራሱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ አልቀረጽሁትም» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ዳልቫኒራ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ታዲያ ማን ቀረጸው? ይንገሯቸዋ፣ አባዬ።»

ወደ ዳኞቹ አየ፤ ወደ ስሙ አየ። መውጫ አልነበረውም።

«እሷ ናት።»

«የአምናውንስ?» አለችው፤ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።