የድሬሰሩ መታሰቢያና የሳልሳው ጣሳ

ከእኛ ሰፈር ከኮልፌ ወደ ዘነበወርቅ ሆስፒታል በእግሩ የሚመላለስ አንድ ድሬሰር ነበር። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቁስል ያጥባል፤ አጥቦ ሲጨርስ አብሯቸው ይበላል። ደግ ሰው ነው እያልን እንወደው ነበር። ሲጨብጠን ግን ዞር ብለን እጃችንን በጋቢያችን ጠረግ እናደርጋለን። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይሞቀኛል። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ጎልማሳ ግንበኛ፣ ለዕድሩም ድንኳን ተካይ ነበርኩ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙ አላለፈም፤ እንደ መጣልኝ ነው የማወራው።

ድሬሰሩ ሊሞት ሲል ለሚስቱ ቃል ሰጠ። «ለተዝካሬ በሬ አትጣሉልኝ። በዚያ ገንዘብ፣ ሰው ሲገፋ ዝም የማይል ልጅ አስተምሩልኝ» አላት። ዕድሩ ተሰብስቦ ሰማና ነገሩን ወደደው። ከመዋጯችን ላይ ትንሽ እየጨመርን ለመታሰቢያው አንድ ልጅ በስሙ ልናስተምር ተስማማን። እንዲያውም ኮራን፤ የትኛው ዕድር ይህን አስቧል እየተባባልን።

የተመረጠችው የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ነበረች። በክፍሏ «ቡዳ ናት» ተብላ ሰው ከሸሻት የሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገብ ተነሥታ ሄዳ የተቀመጠች እሷ ብቻ ናት ብሎ አስተማሪዋ መሰከረላት። አባቷ ሥጋ ደዌ ታሞ ድኗል፤ ጣቶቹን ግን በሽታው ወስዶበታል።

በአርባው ድንኳኑን ተከልኩ። በሬው ቀርቶ በግ ታረደ፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለብቻ ተዘጋጀ። የልጅቷ አባት መጣና እንደ ልማዱ ከአጥሩ ሥር፣ ባሕር ዛፉን ተደግፎ ተቀመጠ። ሂድ እዚያ ያለው የለም፤ ግባ ያለውም የለም። ልጅቷን ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጥናት። ለአባቷ እንጀራው በኮባ ቅጠል፣ ጠላው በሳልሳ ጣሳ ወጣለት። ጣሳ የሚሰጠው ኋላ እንዲጣል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ልጅቷም ታውቃለች።

የዕድሩ ዳኛ ረጅም ምርቃት መረቁና፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሲገፋ አይተሽ ዝም እንዳትይ» ብለው ጨረሱ።

ልጅቷ ብድግ አለች። «እሺ አባባ። አባቴ ውጭ ነው።»



«ወዶ ነው እዚያ የተቀመጠው» አሉ ዳኛው። «ደግሞስ ምን ነውር አለው? ሐጂስ ለብቻቸው አይደል የሚበሉት?»

ሐጂ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ናቸው። ከወዲያ ማዶ ማዕዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «እኔን ተዉኝ እባክዎ» አሉ። «የእኔስ ሃይማኖቴ ነው፣ ወድጄ ነው። እሱን ማን ጠየቀው?»

አንድ ሽማግሌ አጉረመረሙ። «ገና ደብተር ሳይገዛላት አፏ ተከፈተ! ለጨዋ ልጅ ይሰጥ።»

ይሄኔ አባትየው ከአጥሩ ሥር «ተይ ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ብይ» ሲል ተሰማ። ያ ድምፅ ነው እስካሁን የማይለቀኝ። ትምህርቷ እንዳይቀርባት ፈርቶ ነው፤ የፈራውም እኛን ነው። ልጅቷ ሳህኗን ይዛ ወጣችና አጠገቡ ቁጭ ብላ በላች። እኛም አቀርቅረን በላን። የመታሰቢያው ጉዳይ በይደር ይቆይ ተባለ።

 ሰዉ ሲበተን የድሬሰሩ ሚስት ጣሳውን ራሷ አንሥታ፣ በአመድ ፈትጋ አጥባ ወደ ቤት አስገባችው። ልጅቷንም ከራሷ ጉሮሮ ቀንሳ ትምህርት ቤት አቆየቻት።

ሙት ዓመቱ ደረሰና ድንኳኑን እንደገና ተከልኩ። ሴትዮዋ አባትየውን እስከ አጥሩ ሄዳ፣ ክንዱን ይዛ አስገብታ፣ ከዳኛው ጎን አስቀመጠችው። ሐጂም እንዲጠጡ ጠላውን ትታ ብርዝ በጥብጣለች። ሲቀዳ ብርጭቆ የለም። ለሁላችንም በሳልሳ ጣሳ፣ አንድ ዓይነት ጣሳ።

«ምነው፣ ብርጭቆ ጠፋ?» አሉ ዳኛው።

«ብርጭቆማ ዕድሩ ሞልቶታል፣ ጋሼ» አለች። «ያምናውም ጣሳ ከእነዚህ መካከል አለ። በደንብ አጥቤዋለሁ፤ የቱ እንደሆነ ግን አሁን እኔም አልለየውም። ለመታሰቢያው የሚያዋጣ ሰው ይጠጣ። የማይጠጣ ሰው ገንዘቡን ይያዝ፤ ባሌ አይፈልገውም።»

ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ቢስሚላህ!» ብለው ጨለጡት። «ማሩ ጥሩ ነው፤ እናንተ ስትፈሩ እኔ እደግማለሁ።»

ዳኛው ጎንበስ ብለው ጣሳቸውን ሲያገላብጡ አየሁና በሆዴ ሳቅኩባቸው። ወዲያው እጄን ባየው፣ እኔም የጣሳዬን ከንፈር እያዞርኩ ነው። ምን ልፈልግ? ጣሳ ከጣሳ በምን ይለያል? አባትየው በሁለት መዳፎቹ ጣሳውን አቅፎ፣ ሳይቀምስ ይጠብቀናል። ልጅቷ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆማ እያንዳንዳችንን ታያለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር፤ ያቀረቀርነው እኛ ነን።

ጠጣሁ። ዳኛውም ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ያጉረመረሙት ሽማግሌ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም ተከተሏቸው። የቀረነው ስናዋጣ ቆየን፤ ልጅቷም ተማረች።

ያን ዕለት አባትየው ብርዙን ቀመሰና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይጣፍጣል፣ አይደል ወንድሜ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ጣዕሙን አላወቅኩትም። ከንፈሬ ላይ የቀረው የቆርቆሮው ቅዝቃዜ ብቻ ነበር።