ለልመና የያዝነው ድንጋይ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ ያቺን ቀያሽ ግን አልረሳኋትም። ልጄን ባሰብሁ ቁጥር እሷም ትዝ ትለኛለች።

የምኖረው ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በአንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ቤተ ክርስቲያኗን የከበበው ደን የተከለለ ነው። እንኳን ዛፍ ሊቆረጥ፣ የደረቀ ጭራሮ አይነሣበትም። የምንጠጣው ምንጭም ከሥሩ ይወጣል። ፈጣን ባቡር በዚያ ያልፋል ተባለና ቀያሾች መጥተው ደኑ መካከል ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ተከሉ። አገሩ ተቆጣ።

እኔም ተቆጣሁ። ነገር ግን ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበረኝ። ልጄ ትርንጎ አዲስ አበባ ፋብሪካ ትሠራለች። ካየኋት ቆየሁ። ፈቃድ ብዙ አይሰጧትም፤ ያገኘችውንም መንገዱ ይጨርሰዋል። በስልክ "እማ፣ ባቡሩ ከመጣ እኮ ጠዋት ተነሥቼ ለምሳ እደርስልሻለሁ" ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ደኑም እንዲቀር፣ ልጄም እንድትመጣ ፈለግሁ።

ሽማግሌዎቹ አቤት ብለው መልስ ሲያጡ አንዲት እማሆይ "እስቲ ቀያሾቹን እኛ ሴቶቹ እንለምናቸው" አሉ። በእኛ አገር አጥብቆ የሚለምን ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይንበረከካል። የተለመነው ሰው "ተነሡ፣ አውርዱ" ካለ ልመናው ተሰማ ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ወጣን። ወገቤን ስለሚያመኝ ትንሽ ድንጋይ መረጥሁ። ጎረቤቴ ስንዱ አየችና "አንቺ! እሱን ለወጥ ልትጨምሪው ነው?" አለችኝ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እማሆይ "ኧረ ዝም በሉ፣ ልመና ላይ ነን!" አሉ፤ እሳቸውም ግን ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር።

ቀያሾቹ ከታች መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። የሩቅ አገር ልጆች ናቸው፤ ልማዱን አያውቁም። ያ ሁሉ ሴት ድንጋይ ይዞ ሲወርድባቸው ሊወግራቸው የመጣ መሰላቸው። አንዱ "ግቡ! ግቡ!" ብሎ ጮኸ። "ኧረ ልንለምናችሁ ነው!" ብንል ማን ይስማን? መኪናዋ አቧራ አስነሥታ በረረች።

ግራ ገብቶን ስንቆም ከደኑ ውስጥ ለቅሶ ሰማሁ። አንዲቷን ቀያሽ ከነመለኪያ መሣሪያዋ ረስተዋት ሄደዋል። ጽድ ተደግፋ ቆማለች። ስታየኝ "በእናቴ፣ አትምቱኝ!" አለች። ድንጋዩ አሁንም ማጅራቴ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ አወረድሁት።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማን ይነካሻል?" ብዬ ነጠላዬን አለበስኋት። ዕድሜዋ የትርንጎ ነው።

ቤቴ ወስጄ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረብሁላት። ልማዱን ስነግራት መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቆይታ ግን "እማማ፣ ለመሆኑ እርስዎ ባቡሩን አይፈልጉትም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለጎረቤት ያልነገርሁትን ለእሷ ነገርኋት። የእሷም እናት ሐዋሳ ናቸው። "እኔም የባቡር መንገድ ስለካ ነው እናቴ ጋ መሄጃ ጊዜ ያጣሁት" አለችኝ።

"ባቡሩ በታች በሜዳው ቢዞርስ?" አልኋት።

"ይቻል ይሆናል። ለአለቆቼ እጽፈዋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልዎትም።"

ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቿ አፍረው ተመለሱ። ሴቶቹ መንገዱ ዳር ከነድንጋያቸው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ፊታቸው ቆመች። "እናቶቼ፣ እኔ ሥልጣን የለኝም። ግን አውርዱ፣ ይከብዳችኋል" አለች። እማሆይ መረቋት። እኔን አቅፋ ስትሰናበተኝ ቶሎ ልለቃት አልቻልሁም።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። የችካሉን ቀለም ዝናብ አጥቦታል። ደኑ አለ፤ ባቡሩ ግን በሜዳውም በኩል አልመጣም። ያቺ ልጅ እናቷ ጋ ሄዳ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ትርንጎ አሁንም በስልክ ነች። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ደኑን ስላተረፈችልን ማርያምን አመሰግናለሁ። ምስጋናው ገና አፌ ላይ እያለ ግን ዓይኔ ወደ መንገዱ ይሄዳል።