ብርቱካን በጎቿን ለይታ ስላሰረች

የአክስቴ ልጅ ብርቱካን ከኩዌት ስትመለስ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ያመጣች መስሎት ዘመድ አዝማድ ደጇን ሞላው። እሷ ግን ይዛ የመጣችው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ጉና ሥር፣ እናቷ በተወችላት መሬት ላይ በግ ማርባት። «የባዕድ ልጅ አሳድጌ፣ የባዕድ ወለል ወልውዬ መጣሁ። ከእንግዲህ የምለፋው ለገዛ ደጄ ነው» ትል ነበር። አንበሳሜ ገበያ ወርዳ እናት በጎች ገዛች፤ በእግሯ እየነዳች ወደ ጉና አወጣቻቸው።

እንደደረሰች ከጎረቤት በግ ጋር አልቀላቀለቻቸውም። ጓሮዋን በእሾህ አጥራ ለብቻ አሰረቻቸው፤ ውሃም በባልዲ ታቀርብላቸው ነበር። ይህን የመከርኋት እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ከተማ የእንስሳት በሽታ በመመርመር ነው የምተዳደረው። አዲስ የተገዛ በግ ጤንነቱ ሳይታይ ከመንጋ አይቀላቀልም፤ ይህ የሊቅ ምሥጢር አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ በጎች ማለቅ ጀመሩ። አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ አፋቸው እየቆሰለ፣ እያስቀመጣቸው ወደቁ። እኛ ባለሙያዎቹ፣ ድሮ ከብት በፈጀው በደስታ በሽታ ስም፣ «ደስታ መሰል» የምንለው ቫይረስ ነው። አንድ የጎረቤት ግልገል በብርቱካን አጥር ሾልኮ ገብቶ አድሮ ነበርና ከሁሉም ኋላ የእሷም በጎች ታመሙ።

አውጫጭኝ ተጠራ። ሰው ሁሉ ከመንደሩ ጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሣም። ሰብሳቢው አያ ዋልልኝ፣ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩ ብዙም አላደከማቸውም።

«እሽ፣ በጎቿ ጤነኞች ከነበሩ ስለምን ለየቻቸው?» አሉ።

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ ሰው ሁሉ።

በቃ። የሌላው በግ እንዳይጎዳ ብላ ያደረገችው ጥንቃቄ የጥፋቷ ማስረጃ ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል! «ለእናንተው በጎች ብዬ እኮ ነው» ብትል ማን ሰምቷት። «ዓረብ አገር የተማረችው ተንኮል ነው» ያለም ነበር። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከእድር እንድትወጣ፣ በጎቿ የጋራውን ሣር እንዳይረግጡ፣ ማንም ቤት እሳት እንዳትጭር ተፈረደባት።

እኔ ናሙና ሰበሰብሁ። ከእሷ በጎች፣ ከመንደሩ በጎች፣ በዚያው ሰሞን አንበሳሜ ገበያ ላይ ከታመሙት፣ እንዲሁም አያ ዋልልኝ ለልጃቸው ሠርግ በግ ከገዙበት ከአንድ የቆላ ገበያ። የቫይረሱ ዘር በአራት ፊደል የተጻፈ ረጅም መልእክት ማለት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ ነው፤ እኛም ዘወትር የምናነበው ከዚያ ላይ አንዲት አጭር ቁራጭ ነው። ቁራጯ በሁሉም ናሙና አንድ ሆነች።

«አየህ፣ አንድ በሽታ ነው። ዝጋው» አለኝ አለቃዬ።

ከመልእክቱ መሃል ግን ምንም ፕሮቲን የማይሠራበት ረዘም ያለ ክፍል አለ። እሱን እናንብብ አልሁት።

«ባዶ ቦታ አንብበህ ምን ልታገኝ ነው?»

ባዶ! ባዶ ቢሆን ቫይረሱ ለምን ተሸክሞት ይዞራል? ያ ክፍል ቀጥሎ ያለው ፕሮቲን ምን ያህል ይሠራ የሚለውን ይመጥናል። በመልእክቱ ሁለት ጫፎች ያሉት መሰሎቹም መልእክቱ ከየት ጀምሮ እንደሚቀዳ ያሳያሉ፤ ያለ እነሱ ትእዛዙ ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞም የመሃሉ ክፍል እንደ ፕሮቲኑ ትእዛዝ ጥብቅ ስላልሆነ ፊደሎቹ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ ቅርብ ዘመዳሞችን ለይቶ የሚያሳየውም ለዚሁ ነው። ይህን ሳስረዳ፣ ስማጸን፣ ፈቃድ ፍለጋ ስመላለስ ክረምቱ አለፈ።

በመጨረሻ ተነበበ። የአንበሳሜው ቫይረስ ሌላ ነበር። የመንደሩን በጎችም የብርቱካንንም የያዘው ከቆላው ገበያ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሰሞን ከዚያ ገበያ በግ ያመጣ ደግሞ ከአያ ዋልልኝ በቀር አልነበረም። ውዬ ሳላድር ጉና ወጣሁ።

«አያ ዋልልኝ፣ በሽታው የገባው አንቱ ካመጧቸው የሠርግ በጎች ጋር ነው። አውቀው አላደረጉትም። ግን እንደ ፊቱ ሰው ይጥሩና በአደባባይ ይፍቷት» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሳል? እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል፤ ይኸው ጠራ። ለዚህ ብሎ ደግሞ ሰው ሥራውን ይፈታል?»

በእሷ ሲሆን የሰው ተንኮል፣ በእሳቸው ሲሆን የእግዜር ሥራ!  ተሰናብቼ ስወጣ በግቢያቸው ጥግ በእሾህ የታጠረ በረት አየሁ። ከገበያ የመጣ አዲስ ሙክት ለብቻው ታስሮ በባልዲ ውሃ ይጠጣል። አሁን መንደሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ብልህነት ነው ይሉታል።

ብርቱካን ግን የለችም። የተረፉላትን በጎች ሸጣ መስከረም ላይ ኩዌት ተመልሳለች። ደውዬ ውጤቱን ነገርኋት።

«ለእነሱስ ነገርሃቸው?»

«ነገርኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«እግዜር ያመጣው ነው አሉ።»

 ከኋላዋ የአሠሪዎቿ ሕፃን ያለቅሳል።

«በሽታውን ያመጣው እግዜር ይሁን» አለች፤ «እኔን ግን ያባረራችሁኝ እናንተ ናችሁ።»