ሶሌታው ሳይሞላ የታረደው በሬ

ሰው የሥራ መጀመሪያውን ሲያወራ ቢሮና ወንበር ያነሳል። እኔ የማስታውሰው በሬ ነው። ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ በሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ላይ ፕሮጀክት ማናጀር በሆንኩ በሳምንቱ፣ ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል አርማታ፣ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። መቼም ታውቃላችሁ፣ አርማታው ፈስሶ ሲያልቅ ባለቤቱ ሠራተኛውን ሥጋ ያበላል። የእኛ ባለሕንፃ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ቸኩለው በሬውን ገና በጠዋት አሳርደው ጠበቁኝ።

እኔ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኜ፣ እያየሁና እየጠየቅሁ ነው የለመድኩት። ማየት ሱሴ ነው። ሌላው ቢላዋ ሲስል እኔ አርማታው ከሚፈስበት የእንጨት ርብራብ ስር ገባሁ። ሌሊት ዘንቦ ኖሮ፣ ርብራቡን የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። አንዱን ብገፋው ተወዛወዘ።

ወጥቼ፣ "ምሰሶዎቹ ሳይስተካከሉ አይሞላም" አልኩ።

ፎርማኑ ሳቀ። "እትዬ ማናጀር፣ በሬው ታርዷል እኮ! ተነስ ልትይው ነው?"

ሠራተኛው አውካካ። አርማታ የሚያቦካው የኪራይ ሚክሰር ቆሟል፤ ከሐይቁ ወገን ደመናው ይከብዳል። ባለሕንፃው ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰው ጠርቼ ልመልስ? ካልቻልሽ የሚችል አመጣለሁ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። ያስፈራኝ ያ እርጋታቸው ነው።

"ሰው አይመለስም፣ አባቴ። ዛሬ መብሉ ይቅደም። እርስዎ ባርከው ያብሉ፤ አናጺዎቹ ከየምሰሶው ስር ጣውላ ያንጥፉ። ከዚያ እንሞላለን።"

"የጠገበ ሰው አርማታ ተሸክሞ ሊወጣ?" አለ ፎርማኑ።

"ከነርብራቡ ከሚወድቅ፣ ጠግቦ የሚያዘግም ይሻለኛል።"

ሽማግሌው ሥጋውን አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጸለይ ጀመሩ። እንደዚያ ቀን ረጅም ጸሎት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ "አሜን" እስኪባል ስንት ጣውላ ገባ!

ከሰዓት በኋላ ሚክሰሩ ተነሳ። ከላይ ባልዲ ሲቀባበሉ እኔ ከስር ከምሰሶ ምሰሶ እዞራለሁ። እንጨቱ ሲጥ ባለ ቁጥር ስሩን በእጄ እፈትሻለሁ። "ነይ ቅመሺ እንጂ!" ይላሉ ባለሕንፃው። "መጣሁ፣ አባቴ" እላለሁ፤ አልመጣም።

የመጨረሻው ባልዲ ሲፈስ ፎርማኑ፣ እጁ ሲሚንቶ እንደሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወደ ላይ አንጋጦ ቆየ።

"ይዟል። ውጪ በቃ፣ የአንቺ ሥጋ ቀዝቅዟል።"

"አንተ ቅደም" አልኩት። የወዲያኛውን ጥግ ምሰሶዎች ገና አላየሁም ነበር።